ክሬስኪን፦ ሂፕኖሲስን የካደው ሂፕኖቲስት

የመድረክ ሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሰዎችን በንግግር "አስተኝቶ" የማዘዝ ትርኢት፣ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ይዞ መውጣቱ አይቀርም። መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ከአፍታ በፊት ከጎኑ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ የነበሩ ናቸው። አሁን አንደኛው ሽንኩርቱን ፖም ነው ተብሎ እየገመጠ ነው፤ አንዷ ስሟን ብትጠየቅ ጠፍቶባታል፤ ሌላው ሂፕኖቲስቱ ጣቱን ባጮኸ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ወንበሩ ላይ ይዘረራል። እውነት ተኝተዋል? ወይስ እያስመሰሉ ነው?

ሁለቱም አይደለም የሚለው መልስ ከላቦራቶሪ ብቻ የመጣ አይደለም። እንጀራውን ከዚሁ ትርኢት ሲበላ የኖረ አንድ አሜሪካዊም መድረክ ላይ ቆሞ ሲናገረው ኖሯል። ስሙ ክሬስኪን ነው። የሱን ሕይወት መከተል፣ ይህ ትርኢት ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ጥሩ መንገድ ይሆናል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጅ ጆሴፍ ክሬስጊ ጃንዋሪ 12 ቀን 1935 በኒው ጀርሲ ግዛት ሞንትክሌር ከተማ ተወለደ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጋዜጦች ማንድሬክ የሚባል ምትሃተኛ ጀግና ያለበት ሥዕላዊ ታሪክ በተከታታይ ያትሙ ነበር። የማንድሬክ መሣሪያ ጠመንጃ አልነበረም፤ እጁን ወዝወዝ አድርጎ ባላጋራውን በሂፕኖሲስ ማፍዘዝ ነበር። ክሬስጊ በልጅነቱ በዚህ ገጸ ባሕርይ ተማረከ። ሌላው የልጅነት ነገሩ ጨዋታ ነው፤ አንድ ዕቃ ይደበቅና ፈላጊው ሲቀርብ "ሞቀ"፣ ሲርቅ "ቀዘቀዘ" ይባላል። እሱ ግን "ሞቀ" ወይም "ቀዘቀዘ" የሚለው ሳይኖር ዕቃውን ማግኘት ይቻል እንደሆነ ማሰብ ጀመረ። ኋላ ታዋቂ ያደረገው ትርኢት ከዚህች ሐሳብ የተወለደ ነው።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ መድረክ ላይ ወጣ። ሲያድግ በሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተማረ። የመድረክ ስሙን ከሁለት ታላላቅ ምትሃተኞች ቆራርጦ ሠራው፤ መነሻው ከሃሪ ኬላር፣ መጨረሻው ከሁዲኒ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራሱን ለሕዝብ የሚያስተዋውቀው በሂፕኖቲስትነት ነበር። እንደ ሙያ አጋሮቹ ሰዎችን "ያስተኛል"፣ "ይቀሰቅሳል"፣ አዳራሹን ያስቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት፤ የክሬስኪን ክህደት የሚገባን ከዚህ በኋላ ነውና።

ተመልካቹ ትርኢቱ የሚጀምረው ሂፕኖቲስቱ "ተኙ" ሲል ይመስለዋል። በዚያን ሰዓት ግን ዋናው ሥራ አልቋል። ሥራው ምርጫ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰው ለሂፕኖሲስ ያለውን ዝንባሌ በመመዘኛ ይለካሉ፤ በጣም የታወቀው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኧርነስት ሂልጋርድና አንድሬ ዋይትዘንሆፈር በ1959 ያወጡት ባለ 12 ፈተና መለኪያ ነው። በእንዲህ ዓይነቶቹ መለኪያዎች ከመቶ ሰው ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በጣም ከፍተኛ ዝንባሌ ያሳያል፤ ተቀራራቢ ቁጥር ያለው ደግሞ ምንም ቢባል አይሞቀው አይበርደው፤ የቀረው መሐል ላይ ነው። ስለዚህ 500 ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ቢያንስ 50 ያህል ተፈጥሮ ያዘጋጀቻቸው ሰዎች አሉ ማለት ነው። ሂፕኖቲስቱ የሚያስፈልጉት ስድስት ወይም ስምንት ናቸው። አዳራሹ በሰፋ ቁጥር ሥራው የሚቀለውም ለዚህ ነው።

እነሱን ለማግኘት መጀመሪያ መላውን አዳራሽ ይፈትናል። "ጣቶቻችሁን አቆላልፉ፤ እጆቻችሁ ተጣብቀዋል፤ ልታላቅቋቸው ብትሞክሩም አይላቀቁም" ይላል። ወይም ዓይን አስጨፍኖ ሎሚ ያስነክሳል፣ በሐሳብ። አብዛኛው ሰው እጁን ያላቅቅና ይስቃል። ጥቂቶች ግን እየታገሉ ይቀራሉ። ሂፕኖቲስቱ እነዚያን በዓይኑ ይለቅማል። ከዚያ በፈቃደኝነት መድረክ የሚወጣ ይጠራል። ይህም ራሱ ወንፊት ነው፤ ሰው ፊት መታየት የሚያስጨንቀው ከወንበሩ አይነሳም፤ የሚነሳው ወይ የማወቅ ጉጉት ያለው ነው፣ ወይ በጓደኞቹ ፊት መጫወት የሚወድ። ከወጡት 20 ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሂፕኖቲስቱ ትከሻ እየነካ ግማሽ ያህሉን "አመሰግናለሁ" ብሎ ይመልሳል። አዳራሹ ይህን ልብ አይልም፤ የሚያስታውሰው የቀሩትን ነው።

ለቀሩት ትእዛዙ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል። መጀመሪያ "ዓይናችሁ ከብዷል"፤ ይህን ማን ይቃወማል? መብራት ዓይን ላይ እየበራ፣ አንድ ነጥብ ላይ አፍጥጦ ከቆየ በኋላ የማንም ዓይን ይከብዳል። ከዚያ "ክንዳችሁ ቀሏል"፣ ከዚያ "ብርድ ብርድ ይላችኋል"፣ ቀጥሎ ነው ሽንኩርቱ የሚመጣው። ትናንሾቹን እሺ ያለ ሰው ትልቁ ላይ "እምቢ" ማለት ይከብደዋል፤ አምስት መቶ ዓይን እያየው፣ ጎረቤቱ ታዞ እየሠራ፣ ትርኢቱን እሱ ብቻ ሊያበላሽ ነው። ደግሞም ለምን እምቢ ይላል? "ሂፕኖታይዝ ተደርጌ ነው" የሚል ፈቃድ ተሰጥቶታል። ነገ ማንም "ምን ነካህ?" ቢለው መልስ አለው። እኔ ከሁሉም ብልሃት የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሂፕኖቲስቱ ለሰው የሚሰጠው እንቅልፍ ሳይሆን ሰበብ ነው።

እና ያ ከራሱና ከቁርጭምጭሚቱ በታች ወንበር ተደግፎ እንደ ሳንቃ ቀጥ የሚለው ሰውዬስ? ከጡንቻና ከአጥንት በቀር ሌላ ምስጢር የለውም። ጤነኛ ሰው ራሱን ካጠነከረ ያለ አንዳች ሂፕኖሲስ ለአጭር ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። ቀድሞ ሞክሮት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ብቻ ተአምር ይመስላል።

መድረክና ሳይንስ በዚህ ጉዳይ ከጥንትም ተያይዘው ነው የመጡት። የቪየናው ሐኪም ፍራንዝ አንቶን ሜስመር በ1778 ፓሪስ ገብቶ፣ ከሰውነት ወደ ሰውነት የሚፈስ የማይታይ "የእንስሳት መግነጢስ" አለኝ እያለ ሕመምተኛ ሲያንቀጠቅጥ፣ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1784 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙበት። ከአባላቱ መካከል ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮዚዬ ነበሩ። ካደረጓቸው ሙከራዎች አንዱን ልጥቀስ፤ በፍራንክሊን የአትክልት ቦታ አንድ ዛፍ "መግነጢስ እንዲሞላ" ተደረገና የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ ታስሮ ሌሎች ዛፎች ጋ ተራ በተራ ተወሰደ። አራተኛው ላይ ራሱን ሳተ። ከተሞላው ዛፍ እየራቀ ነበር የሄደው። ኮሚሽኑ ፈሳሹ የለም፣ የሚሠራው ምናብ ነው አለ። ምናብ ብቻውን ሰውን ራሱን እንዴት ሊያስት ቻለ የሚለውን ግን አልገፋበትም። ከፍርዱ ይልቅ የበለጠ የሚያስደንቀው ጥያቄ እሱ ነበር።

ጥያቄውን መልሶ ያነሳው የመድረክ ሰው ነው። በ1841 ሻርል ላፎንቴን የተባለ ተዘዋዋሪ ትርኢተኛ ማንቸስተር ውስጥ ሰው ሲያስተኛ፣ ጄምስ ብሬድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ጠጋኝ ሊያጋልጠው ሄደ። የተኛው ሰው ዓይኑን መግለጥ እውነት እንደተሳነው ሲያይ ግን ቤቱ ገብቶ ራሱ ሙከራ ጀመረ፤ ሰዎችን አንድ ነገር ላይ እያስፈጠጠ። ምንም መግነጢስ አያስፈልግም፣ ትኩረት በቂ ነው አለና በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ሂፕኖቲዝም የሚለውን ስም አስለመደ።

ወደ ክሬስኪን እንመለስ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ለዓመታት የሠራበትን ነገር ካደ። "ሂፕኖቲክ ሰመመን" የሚባል ልዩ የአእምሮ ሁኔታ የለም፤ ያለው ጥቆማ ("እጅህ ተጣብቋል" እንደሚባለው ያለ፣ ሰው አምኖ የሚቀበለው ንግግር)፣ ምናብና ፈቃደኝነት ነው አለ። በቃል ብቻ አላቆመም። እንዲህ ያለ ሰመመን መኖሩን ላረጋገጠ ሰው መጀመሪያ 25,000፣ ኋላም እያሳደገ እስከ 100,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። መድረክ ላይ ደግሞ ማስተኛቱን ትቶ ያንኑ ትርኢት ማሳየቱን ቀጠለ። ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ነቅተው፣ ያለ ምንም "ዓይናችሁ ይከብዳል"፣ እጃቸው ይጣበቃል፣ ስማቸው ይጠፋቸዋል፣ ይስቃሉ፣ ይበርዳቸዋል። ማስረጃው ይህ ነበር፤ ያለ ሰመመን ይኸው ከሆነ፣ ሰመመኑ ለምን ያስፈልጋል?

በዚያው ዘመን ሥነ ልቦናውም ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ነበር። ቴዎዶር ሳርቢን ሂፕኖታይዝ የሆነ ሰው ሚና እየተጫወተ ነው አለ፤ ቴዎዶር ባርበር በሙከራዎቹ ሰዎች በሚገባ ከተበረታቱ ያለ ሂፕኖሲስም ያንኑ እንደሚያደርጉ አሳየ። ከሁሉ የማልረሳው የማርቲን ኦርንና የፍሬድሪክ ኢቫንስ የ1965 ሙከራ ነው። ሂፕኖታይዝ የሆኑ ሰዎች መርዘኛ እባብ እንዲይዙ፣ እጃቸውን አሲድ ውስጥ እንዲከቱ፣ አሲዱን ተመራማሪው ፊት ላይ እንዲደፉ ታዘዙ። (እርግጥ ማንም እንዳይጎዳ ተዘጋጅቷል።) አብዛኞቹ አደረጉት። "ይኸው የሂፕኖሲስ ኃይል!" ሊባል ነው። ግን እንዲያስመስሉ ብቻ የተነገራቸው ሌሎች ሰዎችም ሁሉንም አደረጉት። ኋላ ሲጠየቁ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነን፣ ተመራማሪው እንድንጎዳ አይፈቅድም ብለው አምነው ነበር። ሰውን ያንቀሳቀሰው ሰመመኑ ሳይሆን ቦታውና እምነቱ ነበር።

ታዲያ ክሬስኪን ልክ ነበር? በግማሽ። ሂልጋርድ አንድ ተማሪ በሂፕኖሲስ "አትሰማም" ተብሎ ከአጠገቡ ድምፅ ሲጮህ ሲያየው ንቅንቅ አላለም። "ከውስጥህ የሚሰማ ክፍል ካለ ጣትህን አንሳ" ሲለው ግን ጣቱ ተነሳ። ይህ ተራ ማስመሰል ለማለት ይከብዳል፤ ሂልጋርድ አእምሮ ለሁለት ተከፍሎ ሊሠራ ይችላል ብሎ ተረጎመው፣ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ተማሪው የተጠየቀውን ነው የመለሰው አሉ። ከዚያ ወዲህ የአንጎል ምስል መጣ። በ1997 ፒየር ሬንቪል እና ባልደረቦቹ፣ እጃቸው በሚያሳምም ደረጃ ሙቅ የሆነ ውኃ ውስጥ ለገባ ሰዎች ሕመሙ እንደሚያስጠላ ወይም እንደማያስጠላ በሂፕኖሲስ ሲነገራቸው፣ ከሕመም ስሜት ጋር የተያያዘ አንድ የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳዩ። ስለዚህ "አይሰማኝም" ያለው ሰው ለትሕትና ብሎ ብቻ አይደለም፤ የሆነ ነገር በእርግጥ ተለውጧል። ያ ለውጥ ልዩ ሰመመን ይፈልጋል ወይስ ጥቆማ ብቻውን ይበቃዋል የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም። ክሬስኪን ሰመመኑን ሲክድ ጥቆማን አልካደም፤ እንዲያውም እሱን አነገሠው። ሽልማቱን በኪሱ ያቆየው "ሰመመን" የሚባለው ነገር ማንም ሊያሳየው በሚችል መልክ ተበይኖ ስለማያውቅ ነው። ብልህ ውርርድ ነው፤ ማስታወቂያነቱም ቀላል አልነበረም።

የዝናው ምንጭ ግን የቼኩ ትርኢት ነው። የምሽቱ ክፍያው ቼክ ለተመልካቾች ይሰጣል፤ እሱ በጠባቂ ከአዳራሹ ይወጣል፤ እነሱ በፈለጉት ቦታ ይደብቁታል። ተመልሶ ካላገኘው ክፍያው የለም። አልፎ አልፎ ሳያገኘው ቀርቶ ገንዘቡን አጥቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያገኘዋል። የደበቀው ሰው የመሐረብ አንድ ጫፍ ይዞ፣ ክሬስኪን ሌላውን ጫፍ ይዞ፣ በረድፎቹ መካከል ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

አእምሮ አነበበ? የዚህ ጥበብ ዘመዱ ጡንቻ ማንበብ ነው። በ1852 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካርፐንተር እንዳስተዋለው፣ ስለ አንድ እንቅስቃሴ አጥብቆ ማሰብ ብቻውን፣ ባለቤቱ ሳያውቀው ጡንቻውን ጥቂት ያንቀሳቅሳል። ቼኩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው፣ ፈላጊው ወደዚያ ሲሄድ እጁ ይላላል፤ ወደ ሌላ ሲሄድ ጥቂት ይጎትታል፤ ትንፋሹም ይቀየራል። የሠለጠነ እጅ ለዚያች ጥቂት መጎተት ንቁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ትርኢት አሜሪካዊው ዋሽንግተን ኧርቪንግ ቢሾፕ አስፋፍቶት ነበር። እሱ ራሱ በ1889 ኒው ዮርክ ውስጥ ትርኢት እያሳየ ተዝለፍልፎ ወደቀና እንደሞተ ተቆጥሮ አስከሬኑ ተመረመረ፤ እናቱ ልጄ በሕይወት እያለ ነው የተቀደደው ብላ እስከ መጨረሻው ከሰሰች።

ክሬስኪን ራሱን ጠንቋይም ነቢይም ብሎ አልጠራም፤ ሜንታሊስት፣ ማለትም አእምሮ የሚያነብ የሚመስል ትርኢት የሚያሳይ ሰው፣ ነኝ ይል ነበር። ስለዚህ ጉዳይ የሚታማበት ምክንያት ግን አለ። ከ1970 እስከ 1975 በኦታዋ፣ ካናዳ ይቀረጽ በነበረው የራሱ የቴሌቪዥን ትርኢት ላይም ሆነ በአሜሪካዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ጆኒ ካርሰን ፕሮግራም በተደጋጋሚ ሲቀርብ፣ ተራ የምትሃት ብልሃት የትኛው እንደሆነ፣ ጥቆማ የትኛው፣ "ከስሜት ሕዋሳት በላይ" የሚለው የትኛው እንደሆነ ለይቶ አያስቀምጥም ነበር። ሂፕኖሲስን ለማጋለጥ የነበረው ቁርጠኝነት ለራሱ ትርኢት ሲሆን ይለዝባል። የመድረክ ሰው ነውና ብዙም አልፈርድበትም፤ ተመልካች ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት።

በ2002 ነገሩ ከመድረክ ወጣ። ጁን 6 ቀን ላስ ቬጋስ ሰማይ ላይ ማንነታቸው ያልታወቁ በራሪ አካላት በብዙ ሰዎች እንደሚታዩ አስቀድሞ ተናገረ፤ ካልሆነ 50,000 ዶላር ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ አለ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በረሃ ወጥቶ አነጋ። ምንም አልመጣም። ኋላ ዓላማው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ሕዝቡ ለጥቆማ ምን ያህል እንደተጋለጠ ማሳየት ነበር ሲል ተናገረ። ትንቢቱን በሰፊው ያስተጋባለት የሬዲዮ አዘጋጅ አርት ቤል በጣም ተቆጥቶ ዳግም ፕሮግራሜ ላይ አይቀርብም አለ። ፈቃደኛ ሆኖ መድረክ የወጣ ሰውና እውነት መስሎት በረሃ ያደረ ሰው አንድ አይደሉም፤ እኔ ከቤል ጋር ነኝ። ክሬስኪን ዲሴምበር 10 ቀን 2024 በ89 ዓመቱ አረፈ።

ትርኢቱ አደገኛ ነው ወይ ለሚለው፣ ከማንም ይልቅ የደከመችበት ብሪታንያ ናት። እዚያ ከ1952 ጀምሮ የሂፕኖቲዝም ሕግ አለ፤ ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው መድረክ ላይ ሂፕኖታይዝ ማድረግም ክልክል ነው። እስራኤልም በ1984 ሕግ አውጥታ ለመዝናኛ ማዋሉን ከልክላለች። በ1990ዎቹ ሰዎች ከትርኢት በኋላ ታመምን ብለው ስላማረሩ የብሪታንያ መንግሥት የባለሙያ ቡድን አቋቁሞ አስጠና፤ ቡድኑ በ1995 ከባድ አደጋ ያስከትላል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በ1998 ደግሞ ታዋቂው ሂፕኖቲስት ፖል ማኬና ትርኢቱ የአእምሮ ሕመም አመጣብኝ ተብሎ ተከሶ ለንደን ላይ ረታ።

ቢሆንም በ1996 የወጣው የብሪታንያ መመሪያ መድረክ ላይ የማይፈቀዱ ነገሮችን ዘርዝሯል። ሰውን ወደ ልጅነቱ መመለስ አይቻልም፤ የአካል ክፍልህን አጥተሃል ማለት አይቻልም፤ በሁለት ድጋፎች መካከል እንደ ሳንቃ ማጋደም አይቻልም፤ ሕመም አይሰማውም እያሉ መርፌ መውጋት አይቻልም። የመድረኩ ጠርዝ ጋ ከመድረሱ በፊት ወለሉ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ መስመር እንዲሰመርም ያዛል፤ ጥቆማ የተሰጠው ሰው ጠርዙን ልብ ላይል ይችላልና። ሂፕኖቲስቱም የሰጠውን ጥቆማ ሁሉ ሳያነሳ ማንንም ወደ መቀመጫው አይመልስም፤ ትርኢቱ ካለቀ በኋላም የሚያስቸግረው ሰው ቢኖር እንዲረዳ ቢያንስ 30 ደቂቃ እዚያው የመቆየት ግዴታ አለበት።